ባለግቢው የተቀበሉት በግ

ከቅዳሜው የውይይት ክበብና ከእሑዱ የጽዳት ዘመቻ ለመቅረት በቂ ምክንያት ያስፈልግ ነበር። አሞኛል ብል ቤት ድረስ መጥተው ያዩኛል፤ ለቅሶ አለብኝ ብል ማን ሞተ ብለው ያጣራሉ። ስለት ላደርስ ነው ማለት ደግሞ ለአስተማሪ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፣ ጉና ተራራ ላይ ያሉትን የዱር አራዊት በዓይኔ አይቼ ለተማሪዎቼ ላስተምር እፈልጋለሁ አልኩት። ደብረ ታቦር ውስጥ የተፈጥሮ ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ከጅብና ከዝንጀሮ ያለፈ አውሬ ሳላይ፣ ስለ አንበሳ ጥርስ አቀማመጥ ሰሌዳ ሙሉ የምጽፍ አስተማሪ።

ዲሬክተሩ ደስ አለው። "ከመጽሐፍ ብቻ ማስተማር ይብቃን፣ ጓድ" አለኝ። "ስትመለሺ ያየሽውን ለክበቡ ታቀርቢያለሽ።" ከቁም ሳጥኑም አንደኛው መስታወቱ የተሰነጠቀ የሩቅ ማያ መነጽር አውጥቶ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። እናቴ አብራኝ እንደምትሄድ፣ በግም እንደምንነዳ አልነገርኩትም።

እኔ በዚያን ጊዜ በምንም አላምንም ነበር። በክበቡ አጨበጭባለሁ፤ በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ እሳለማለሁ፤ ሁለቱንም የማደርገው ሰው እንዳይጠምደኝ ነው። የምሄደው ለእናቴ ስል ነው፤ እናቴ የምትሄደው ደግሞ ለወንድሜ።

ወንድሜ ታናሼ ነው። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ሲመጣ ከገበያ አፍሰው ወሰዱት። ወር እንኳ ሳይሞላው ከማሰልጠኛው ጠፍቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ፣ ዝናብ በሚጥልበት አንድ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በኩል ገባ። እናቴ እግሩን አጠበችው። ሽሮ ሠርታ አበላችው፤ እሳት ዳር አስተኛችው። በማግስቱ የቀበሌው ጠባቂዎች መጥተው አባቴን ወሰዱት። ልጁ እስኪገኝ አባትየው ይቆያል አሉ። አባቴ አስም አለበት፤ እስር ቤቱ ደግሞ እህል ይከማችበት የነበረ፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ነው። እናቴ አንድም ቃል ሳትናገር ዋለች፤ ሳትናገርም አደረች። ከዚያ በሶ ቋጠረች፣ ጋቢዋን ደረበችለት፣ እጁን ይዛ ራሷ ወስዳ አስረከበችው። አባቴ በዚያው ዕለት እያሳለ ቤቱ ገባ። ወንድሜ ወደ ሰሜን ተላከ፤ ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ይህ ነገር ቤታችን ውስጥ አይነሳም ነበር። አባቴ እናቴ ያቀረበችለትን ሁሉ ይበላል፤ ግን ቀና ብሎ አያያትም። እኔም ማንን እንደምወቅስ አላውቅም ነበርና በሁሉም ላይ ተቆጥቼ እውላለሁ። ሰው ሞቶ ቢሆን ለቅሶ ይቀመጡለታል፤ በሕይወት ቢኖር ስንቅ ይልኩለታል። እኛ ግን እርም ማውጣትም፣ ተስፋ ማድረግም የማንችል ሆነን ተቀመጥን።

እናቴ ይፋግ ነው የተወለደችው፤ በትዳር ነው ደብረ ታቦር የመጣችው። አንድ ከገሳይ የመጣ ገብስ ነጋዴ፣ በጉና እግር ሥር ስላለች አንዲት ደብር ነገራት። ጻድቁ፣ እነዚያ በሥዕል ላይ ከአንበሶችና ከነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩት አባት፣ የከበሩባት ደብር ናት። ዙሪያዋን ጥንታዊ ደን አላት፤ ደኑ ውስጥ ነብር አለ። ጠፍቶ የቀረ ሰው ያለው፣ በዓሉ ሰንበት ላይ ሲውል በዋዜማው በግ ወደ ደኑ ይለቃል። "ሰንበት ጠዋት ነገሩን ታውቂዋለሽ" አላት ነጋዴው። ሌላ አላስረዳትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።

የማትጠይቀው ስለምታውቀው ነው። በይፋግም በኩል እንዲህ ያለ ልማድ አለ። የስለት ከብት በደብሩ ደን ይለቀቃል። አውሬ ከወሰደው ስለቱ ሠመረ፣ ባለቤቱ የለመነውን ያገኛል። ሳይነካ ካደረ ግን ጻድቁ ፊት ነስተዋል ማለት ነው። እናቴ ልጅ ሆና፣ አያቷ ያልተወሰደች ፍየል እየጎተቱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ቤት ሲመለሱ አይታለች። የለመኑላት ልጃቸው በዚያው ዓመት ሞተች።

በጉን የገዛችው ገና ጠቦት ሳለ ነው። ነጭ ሆኖ አንድ ጆሮው ቡላ ነበር። ጨው በመዳፏ እያላሰች፣ የአተር ገለባ እየመረጠች አሳደገችው። ቧንቧ ስትሄድ ይከተላታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ በር ላይ ይጠብቃታል። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባት ነበር። እኔም፣ "እማ፣ ለነብር ራት አይደለም እንዴ? ለምን ታቀብጪዋለሽ?" ስላት፣ "ደስ ብሎት ያላደገ ነገር ለማን ይሰጣል?" አለችኝ።

ዓርብ በጭነት መኪና ገሳይ ገባን። እዚያ አድረን ቅዳሜ ማለዳ ሽቅብ መውጣት ጀመርን። ጥቅምት ነው፤ ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። በጉ ገመድ ሳያስፈልገው እናቴን ተረከዝ በተረከዝ ይከተላል። እኔ መነጽሬን አንጠልጥዬ ከኋላ ነኝ። በመንገድ ያገኘን ገበሬ አስቆመንና፣ "ያ ያንገትሽ ምንድነው የኔ ልጅ? ከመንግሥት ነሽ?" አለኝ። አውሬ ማያ ነው ስለው፣ "አውሬማ ያለዚህ ይታያል፤ ወረዳው ሞልቶታል" ብሎኝ አለፈ።

ከገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዶቹን አገኘናቸው። ሳር እየነጩ ቁጭ ብለዋል፤ ወንዶቹ ጎፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ ደረታቸው ላይ ያለው ቀይ ቦታ እየታየ። በደህናው መስታወት አየኋቸው፤ የጣታቸው አያያዝ ሳይቀር ይታያል። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ አላውቅም፣ ወንድሜን ለጥቂት ጊዜ ረሳሁት። መነጽሩን ለእናቴ ሰጠኋት። ብዙ አየች። አንዲት እናት ግልገሏን ጀርባዋ ላይ አዝላ ገደሉን ስትወርድ ተከትላ አየቻት።

"አትጥለውም?" አለች።

"አትጥለውም። እሱ ነው አጥብቆ የሚይዛት" አልኳት፤ ከመጽሐፍ ያነበብኩት ነው።

መነጽሩን መለሰችልኝና መንገዷን ቀጠለች። ከዚያ በላይ፣ ጅባራ የሚበቅልበት ሜዳ ላይ፣ አንድ ቀይ ቀበሮ ጓሳውን እያሸተተ ሲሄድ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዓመት የሚበቃኝ ወሬ ነበር። በጉ ግን ሸተተውና ተንቀጥቅጦ ከእናቴ ቀሚስ ሥር ገባ። እሷም ጀርባውን እየዳበሰች፣ "ገና ነው፣ ገና ነው" አለችው።

ያሳደረችን ሴት ባሏ የሞተባት፣ ሁለት በሬና ጥቂት በጎች ያሏት ገበሬ ናት። ቤቷ ከደብሩ አጥር ሥር ነው። እሷም ልጇን በዚያው አፈሳ ወስደውባት ወሬው ጠፍቶባታል፤ እሷም በግ አዘጋጅታለች፤ ጥቁር ነው። ሁለቱ ሴቶች ይህን እንደተነጋገሩ፣ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአንድ እናት ልጆች ሆኑ። ጎን ለጎን ተቀምጠው ድንች ሲልጡ፣ አንዷ የልጇን ቁመት ስትናገር ሌላዋ ራሷን ስትነቀንቅ ዋሉ።

"ባለግቢው ሰሞኑን እንዴት ናቸው?" ብላ እናቴ ጠየቀቻት። በዚያ አገር ነብሩ በስሙ አይጠራም። ባለግቢው ነው የሚባለው፤ ያውም በአንቱታ።

"ደህና ናቸው። ባለፈው ሳምንት በወንዙ በኩል ወርደው ነበር" አለች ሴትዮዋ።

"ጾም ናቸው ወይስ በልተዋል?"

"እሱን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።"

እኔ ሳቄን ለመያዝ ወደ ድንቹ አጎነበስኩ። እናቴ ለቀበሌው ሊቀመንበር ከፍርሃት በቀር ከልቧ አንቱ ብላ አታውቅም፤ ለነብር ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ እሳቸው ትላለች። ከዚያ ሁሉ ወሬ መካከል ግን ጠዋት ምን ሲታይ ደስ እንደሚባል፣ ምን ሲታይ እንደሚለቀስ አንዳቸውም አላነሱም። በዋዜማ ስለ ነገ ምልክት ማውራት ነውር ነው፤ ደግሞስ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ለማን ያስረዳል?

ቅዳሜ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የደብሩ አለቃ፣ አንድ ሽማግሌ ቄስ፣ መስቀላቸውን ይዘው ወጡ። በድንጋዩ ካብ በኩል ትንሽ በር አለች፤ ከዚያ ወዲያ ደን ነው፣ ጥድና ወይራ፣ ከላይ ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን አንጠልጥለው ይዘላሉ። ቄሱ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው በጎቹን በመስቀላቸው ዳበሱ። ጥቁሩ በግ ገና በሩ ሲከፈት ሮጦ ገባ። የኛው አልገባም አለ። እናቴ ገፋችው፤ ተመልሶ ጉልበቷን ታከከ። በመጨረሻ ጨው በመዳፏ ይዛ ጥቂት ርምጃ ወደ ውስጥ ወሰደችውና፣ እሱ ሲልስ ትታው ወጣች። በሩ ሲዘጋ ጮኸ። እናቴ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠቅልላ ሄደች።

እሑድ ማለዳ ሕዝቡ ቅዳሴ ሲገባ እኔ መነጽሬን ይዤ ከደብሩ በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ወጣሁ። ለክበቡ የማቀርበው ነገር ያስፈልገኛል ብዬ ነው፤ እውነቱ ግን እዚያ ቆሜ ማስቀደስ አልቻልኩም። ለማን ነው የምሰግደው? ወንድሜን ለወሰደው ዝም ላለ አምላክ? እንዲህ እያልኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ጭላዶቹ ከገደሉ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ፀሐይ ለመሞቅ ተደርድረው ተቀመጡ። ጀርባዬን ለደኑ ሰጥቼ እነሱን ሳይ ቆየሁ። ከታች የቅዳሴው ዜማ ይሰማል። እንዲህ ያለ ጠዋት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም፤ ይህን ስናገር እንኳ ያናድደኛል።

ድንገት ጉሬዛዎቹ ጮኹ። የተለመደው የጠዋት ድምፃቸው አይደለም፤ እየተቀባበሉ፣ ሻካራ በሆነ ድምፅ፣ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው። ነብር ሲያዩ እንዲህ እንደሚጮኹ ለሰባተኛ ክፍል አስተምሬአለሁ። መነጽሩን አዞርኩ፤ ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ። ጩኸቱ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ከደኑ ጠርዝ እልልታ ሰማሁ።

እናቴ ነበረች። ቅዳሴ ውስጥ ናት ብዬ ነበር፤ እሷ ግን ከትንሿ በር እየወጣች ነው፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በጤዛ ርሷል፤ ሽመሏን እንደያዘች እልል ትላለች። ከቋጥኙ እየተንሸራተትኩ ወርጄ ደረስኩባት። አቀፈችኝ። ከአፏ የሚወጣው፣ "ተቀበሉኝ፣ ልጄ፣ ተቀበሉኝ" የሚል ብቻ ነው። ገብታ የበጉን ደም አይታ ነው ብዬ አሰብኩ። በምንም የማላምነው እኔ ሳልወድ በግድ አለቀስኩ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ነብሩ ራበውና በላ፣ በቃ፤ ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያለቀስኩት።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ እናቴ እልልታዋን አላቆመችም። ሰዉ ወደ እኛ መጣ። ሴቶቹ ምን እንደሆነ ጠየቋት። "ባለግቢው በጌን ወሰዱት" አለቻቸው፤ ፊቷ እያበራ። አንድም ሰው አብሯት እልል አላለም። አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ወንዶቹ መሬት መሬት አዩ። የበረዳቸው መሰለኝ፤ የደጋ ሰው ደስታው አይታይም ብዬ አለፍኩት።

በዚህ መካከል ጥቁሩ በግ ከደኑ ብቅ አለ። ምንም አልሆነም፤ እያመሰኳ ወጥቶ ባለቤቱ ፊት ቆመ። ያሳደረችን ሴት አንዴ በጓን፣ አንዴ እናቴን አየች። እናቴ ሮጣ አቀፈቻት። "አይዞሽ እህቴ፣ አይዞሽ። እግዜር ያውቃል፣ ተስፋ አትቁረጪ" አለቻት። ሴትዮዋም እናቴን ጭምቅ አድርጋ፣ "አንቺም አይዞሽ፣ እኔ አፈር ልብላልሽ፣ አንቺም አይዞሽ" እያለች ተንሰቀሰቀች። ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። አንዷ ለሌላዋ ያዘነችው ከልቧ ነበር።

ወደ ቤት ልንወርድ ስንቅ ስንቋጥር፣ ቄሱ በዓይናቸው ጠርተው ወደ ካቡ ወሰዱኝ።

"እናትሽ ከየት አገር ናት?" አሉኝ።

"ይፋግ ነው የተወለደችው፣ አባ።"

"እንግዲያስ በነሱ እንዲያ ነው" አሉ፤ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። "በመጽሐፍ የለም ልጄ፤ የአገር ልማድ ነው። ሥዕሉን አይተሻል? ጻድቁ በአራዊት መካከል ናቸው፤ ምንም አልነኳቸውም። በጉም በአውሬ መካከል አድሮ በደህና ከወጣ፣ ያ የጠፋውም በጥይት መካከል በሕይወት አለ እንላለን።"

"ካልወጣስ?"

መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "ካልወጣ ሰዉ እርሙን ያወጣል። ፍታት እናስፈታለታለን፣ ተዝካሩም ይወጣል። ምን ያርግ፣ ወሬ የሚያመጣለት የለ።" ከዚያም፣ "ለሷ መንገሩ ምን ያደርግላታል? ተያት" አሉኝ።

ተውኳት። ቁልቁለቱን ስንወርድ እናቴ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ከስንት ጊዜ በኋላ እግሯ ቀለላት። አልፎ አልፎ ዘወር እያለች ከኋላዋ መሬቱን ታያለች፤ በጉን ለምዳ ነው። ጭላዶቹ እዚያው አፋፍ ላይ ነበሩ። መነጽሩን አላነሳሁም።

ሰኞ ዲሬክተሩ ምን አየሽ አለኝ። ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጉሬዛ አልኩት። "ነብርስ?" ሲለኝ፣ መኖሩን አረጋግጫለሁ አልኩት። በክበቡ ፊት ቆሜ ስለ ጉና አራዊት ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። አንድ ካድሬ፣ ይህ ሁሉ ሀብት ለሰፊው ሕዝብ ጥቅም መዋል አለበት አለ። ሰፊው ሕዝብ ተብሎ የሚጠራው ማን እንደሆነ ቢገባኝ ኖሮ እጠይቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ዓመታት እንዴት ብዬ ልናገራቸው። ቤታችን ውስጥ ደስተኛዋ እናቴ ብቻ ነበረች። አባቴ በአስሙ እያቃሰተ ሲሞት እንኳ፣ "ልጁ ሲመጣ ምን እለዋለሁ?" ነው ያለችው። የወንድሜን አልጋ በየሳምንቱ ታራግፋለች። የእህል ዋጋ ሲወደድ፣ ጦርነቱ እየቀረበ መጥቶ ከተማችን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገለባበጥ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ እሷ፣ "እኛስ ተቀብለውናል" ትላለች። ይህን በሰማሁ ቁጥር ጮክ ብዬ ሁሉንም ልነግራት እነሳና፣ ፊቷን ሳይ እቀመጣለሁ። የማላምንበት ምልክት እንዲህ ያሰቃየኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አለማመንም እንደ እምነት ብርታት ይፈልጋል፤ እኔ ሁለቱም አልነበሩኝም።

መንግሥቱ በወደቀበት ክረምት ወታደሮቹ በየመንገዱ በእግራቸው መመለስ ጀመሩ። ጫማ የላቸውም፤ ዳቦ ይለምናሉ። እናቴ ቆሎ በመሶበወርቅ ይዛ መንገድ ዳር ትቆማለች። ለእያንዳንዱ ትሰጣለች፤ የወንድሜን ስም፣ የጥርሱን አወጣጥ፣ አገጩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ትናገራለች። አንዳንዱ አላውቀውም ይላታል። አንዳንዱ ደግሞ ቆሎውን ስለሚፈልግ፣ ከኋላ እየመጣ ነው ይላታል። ክረምቱ አለቀ፤ መንገዱ ላይ የሚመጣ ጠፋ። እሷ ግን አልተጨነቀችም። ሩቅ ነው፣ ይዘገያል አለች።

በቀጣዩ ዓመት በአንድ የገበያ ቀን ያቺ ያሳደረችን ሴት ቤታችን መጣች። አህያዋ ላይ አንድ ቁና ገብስ ጭናለች፤ የወዳጅነት ስጦታ ነው። ከኋላዋ አንድ እግሩን የሚጎትት ረጅም ወጣት ቆሟል። እናቴ አየችው፤ ገብቷታል። ሄዳ ግራና ቀኝ ጉንጩን ሳመችው፣ ፊቱን በሁለት እጆቿ ይዛ ቆየች፣ ግንባሩን ሳመችው። ወደ ሴትዮዋ ዞረችና፣ "በጉን ሳይቀበሉሽ ልጁን ሰጡሽ። የጻድቁ ሥራ አይመረመርም" አለቻት።

ሴትዮዋ ከጉዞው ድካም ይሁን ከደስታዋ ብዛት፣ ሳታስበው አፏ አመለጣት። "እኔማ በጌ በወጣ ጊዜ ነው ያወቅሁት፤ እልል ያላልኩ አንቺን አፍሬ ነው እንጂ..." አለችና ቆመች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ዝም እንድትል በእጄ ጠቆምኩ፤ ረፍዷል።

"ምኑን ነው ያወቅሽ?" አለች እናቴ።

ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች። ልጇ ራሱ ነው የመለሰላት፤ ምን እንደሚናገር ሳያውቅ። "በኛ አገር በጉ በደህና ከወጣ ሰውየው ደህና ነው ይባላል፣ እማማ። ለኔም የኛ በግ ወጥቶልኝ ነበር አሉ።"

"እንዲህ ነው እንዴ በናንተ አገር" አለች እናቴ። አስገባቻቸው፣ ምሳ አቀረበች፣ ለወጣቱ በእጇ ደጋግማ አጎረሰችው። ሴትዮዋ አንገቷን ደፍታ እንባዋን እየዋጠች በላች። ሲሄዱ እስከ መታጠፊያው ሸኘቻቸው፤ ለመንገድ ውሃ በኮዳ ሞልታ ሰጠቻቸው።

ተመልሳ የመጣውን ገብስ በሰፌድ ዘርግታ ጠጠሩን መልቀም ጀመረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ሳልናገር ያከማቸሁት ነገር አንድ ላይ ወጣ። ነብር ሲርበው ይበላል፣ ሲጠግብ ይተዋል አልኳት። የይፋግም ይሁን የጉና፣ ሁለቱም የሰው ወሬ ነው አልኳት። "እማ፣ በግ ምን ያውቃል? ገብቶ መውጣትና አለመውጣቱ የዕድል ነገር ነው። የሷ ጥቁሩ ወጣ፣ የኛ ሳይወጣ ቀረ፤ በቃ።"

አንድ ጠጠር አንስታ መዳፏ ላይ አየችው።

"የኛማ ወጥቶ ነበር" አለች።

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ሰዉ ቅዳሴ እንደገባ፣ ከትንሿ የደኑ በር ቆሜ ስጸልይ መጣልኝ። እየሮጠ ነው የመጣው፤ ቀሚሴን ነክሶ ያዘኝ። ፊት የነሱኝ መሰለኝ። ብመልሰው ብመልሰው እምቢ አለኝ።" ጠጠሩን ጣለች፤ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። "ወደ ገደሉ በኩል፣ ወደ ውስጥ፣ ራሴ ወስጄ አስረከብኩት።"